ቁልፉ ማን ጋ ነው?

አማርኛችን «መምራት» የሚለውን ቃል ለብዙ ነገር ያውለዋል። መሪጌታ ከማኅሌቱ መካከል ቆሞ ዜማውን ይመራል፤ ሲሳሳቱ ይሰማል፣ ሲደክሙ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ሾፌር መሪውን ጨብጦ መኪናውን ይመራል፤ ገደል ቢገባ አብሮ ይገባል። የመሥሪያ ቤት ሹም ደግሞ ደብዳቤ ይመራል። ከወረቀቱ ኅዳግ ላይ «ለሚመለከተው ክፍል» ብሎ ይጽፍና ይፈርማል፤ ከዚያ ወዲያ ጉዳዩ የእሱ አይደለም። «ተመርቷል» ይባላል። ባለጉዳዩም «ወረቀትህ ተመርቷል» ሲሉት ደስ ብሎት ይወጣል። ወዴት ብሎ መጠየቅ ትዝ የሚለው ከሳምንት በኋላ ነው።

የሕዝብ ጤና አገልግሎታችንን ባሰብኩ ቁጥር ይህ ሦስተኛው «መምራት» ይመጣብኛል። መሪ አጣን ብሎ ማማረር የተለመደ ነው። እኔ ግን ያጣን አይመስለኝም። መሪ በየደረጃው አለ፤ ከሚኒስቴሩ እስከ ክልል ቢሮው፣ ከዞን መምሪያው እስከ ወረዳ ጽሕፈት ቤቱ፣ ከሆስፒታሉ ቦርድ እስከ ዋርድ አስተባባሪዋ ድረስ። ነገሩ ሁሉ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ሲመራ ይውላል። ጥያቄው በመጨረሻ የሚያርፈው ማን ጋ ነው የሚለው ነው።

ወረቀትማ አልጎደለንም። በሽግግሩ ዘመን፣ በ1986 ዓ.ም. መባቻ የወጣው የጤና ፖሊሲ በሽታን ከማከም ይልቅ መከላከልን ያስቀደመ፣ ሥልጣንንም ከመሐል ወደ ክልልና ወደ ወረዳ ለማውረድ ያለመ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ደግሞ የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂ ተከተለው። ይህ ለተራ ሰው ጆሮ ደረቅ ይምሰል እንጂ በውስጡ ትልቅ ነገር ይዟል። እስከዚያ ድረስ ሆስፒታሎች ከካርድና ከመድኃኒት የሰበሰቧትን ሳንቲም ለመንግሥት ግምጃ ቤት ገቢ ያደርጉ ነበር፤ አምፖል ሲቃጠልባቸው ግን ለአምፖል መግዣ ደብዳቤ ይጽፋሉ። ስትራቴጂው ገንዘቡ እዚያው ቀርቶ ለአገልግሎቱ ማሻሻያ ይዋል፣ ሆስፒታሉም በቦርድ ይተዳደር አለ። ክልሎች የየራሳቸውን ሕግ አውጥተው ሥራ ላይ ለማዋል ዓመታት ፈጀባቸው። የሆነው ሆኖ ዋለ።

ቀጥሎ የሆስፒታል ዋና ሥራ አስፈፃሚ የሚባል ወንበር መጣ። ቀደም ሲል ሆስፒታል የሚመራው ሐኪም ነበር። ሜዲካል ዳይሬክተሩ ጠዋት ቀዶ ጥገና ይሠራል፤ ከሰዓት በኋላ የነዳጅ ወጪ ይፈርማል፣ ከዘበኛ ጋር ይከራከራል። የቀዶ ጥገና ሐኪም ብርቅ በሆነበት አገር አንዱን አንሶላ ሲያስቆጥሩት መዋል ብክነት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከክሊንተን ፋውንዴሽንና ከየል ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የሆስፒታል አስተዳደርን ራሱን የቻለ ሙያ ለማድረግ ተነሣ። ጅማ ዩኒቨርሲቲም በዚሁ ሙያ የማስተርስ ትምህርት ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ2010 የሆስፒታሎች ማሻሻያ መመሪያ ወጣ፤ ካርድ ክፍሉ፣ ነርሲንጉ፣ ፋርማሲው፣ ንጽሕናው እንዴት መያዝ እንዳለበት አንድ በአንድ ተዘረዘረ። ጥሩ መመሪያ ነው። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

መመሪያ ግን ከመደርደሪያ ወርዶ ከበሽተኛው አልጋ አጠገብ ሲደርስ ምን ይመስላል? ይህን ያየሁት በጋዜጠኛ ዓይን ሳይሆን በአስታማሚ ዓይን ነው። ሁለቱ ዓይኖች ይለያያሉ። ጋዜጠኛ ቀጠሮ ይዞ ገብቶ ቢሮ ውስጥ ሻይ ይቀርብለታል። አስታማሚ ግን ኮሪደር ላይ ነጠላ አንጥፎ ያድራል፤ የሌሊቱን ሆስፒታል ያውቀዋል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አክስቴን በአንድ የክልል ከተማ ሆስፒታል አሥራ አንድ ቀን አስታምሜያለሁ። እትዬ ስኳር አለባት። የእግሯ ቁስል ከርሞ ከጤና ጣቢያ ሪፈር ተጽፎላት ነበር የመጣችው። የጤና መድን አባል ናት፤ መዋጮዋን በየዓመቱ ትከፍላለች፣ ደብተሯንም እንደ ክታብ በጨርቅ ጠቅልላ ነው የምትይዘው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ገበሬው በጤናው ጊዜ ጥቂት ብር እያስቀመጠ በታመመ ጊዜ በሬውን ከመሸጥ እንዲድን ታስቦ ነበር። መልካም ሐሳብ ነው። ዳሩ ግን የመጀመሪያውን የመድኃኒት ወረቀት ይዤ ወደ ሆስፒታሉ ፋርማሲ ብሄድ ከመስኮቱ ውስጥ አንድ እጅ ብቅ ብሎ «የለም» የሚል ማኅተም መታበት። ከግቢው ውጭ ያለው የግል ፋርማሲ ግን ነበረው። መድኑ ውጭ የተገዛውን አልሸፈነልንም፤ እትዬ መዋጮዋን ከፍላ ሳለ መድኃኒቱንም ከፈለች።

በአራተኛው ቀን ቁስሏ የሚታጠብበት ሰዓት አለፈ። ሲስተሯን ጠየቅኋት። ጓንትም ጎዝም እንዳለቀ ነገረችኝ። ስቶር ውስጥ የለም ወይ አልኳት።

«ሞልቷል» አለችኝ። «ሞዴል 20 ሞልቼ ካስፈረምኩ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ንብረት ክፍሉ ሥልጠና ሄዷል።»

«ሌላ ሰው አያወጣላችሁም?»

«ቁልፉ እሱ ጋ ነው።»

በማግሥቱ ወደ አስተዳደሩ ቢሮ ወጣሁ። የተቀበለኝ ሰው ትሑት ነበር፤ አስቀምጦ አነጋገረኝ። ችግሩን እንደሚያውቀው፣ ለሚመለከተው ክፍል እንደተመራ ገለጸልኝ። የሚመለከተው ክፍል የንብረት ክፍል ነው። የንብረት ክፍሉ ሥልጠና ላይ ነው። ሥልጠናው ስለ ቀልጣፋ አገልግሎት አሰጣጥ እንደነበር የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ አንባቢ ፈጠራ እንዳይመስለው እሰጋለሁ። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይህ ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ፣ ምናልባት በመቶ እርምጃ ርቀት፣ ጓንቱ በካርቶን ተቆልሎ ቁስሉ ይጠብቃል። በመካከላቸው ያለው ገንዘብ አይደለም፤ ፖሊሲ አይደለም፤ የውጭ ምንዛሪም አይደለም። አንድ ቁልፍ ነው።

የእትዬ ቁስል በዚያ ቀን መታጠቡ አልቀረም። ሲስተሯ ከማዋለጃ ክፍል ሁለት ጥንድ ጓንት ተበድራ መጣች። ያኔ ነው ደብተሯን ያየሁት። ተራ የተማሪ ደብተር ነው። በውስጡ ብድር ተመዝግቧል፤ በዚህ ቀን ከማዋለጃ ሁለት ጥንድ ጓንት፣ በዚህ ቀን ለሕፃናት ክፍል አንድ ግሉኮስ፣ በዚህ ቀን ከድንገተኛ ክፍል ፕላስተር፤ የተመለሰው ተሰርዟል፣ ያልተመለሰው ተከቦበታል። ዋርዶቹ እንደ ጎረቤት ሴቶች በርበሬና ጨው ሲበዳደሩ ነው የሚያድሩት። ማንም አላዘዛቸውም። መመሪያውም ውስጥ የለም። ሆስፒታሉ ግን ሌሊቱን የሚያልፈው በዚያ ደብተር ነበር።

ደብተሩን እያገላበጥኩ አንድ ነገር ገረመኝ። ጓንት የሚያልቀው በየትኛው ሳምንት እንደሆነ፣ የትኛው ዋርድ ሁልጊዜ አበዳሪ፣ የትኛው ሁልጊዜ ተበዳሪ እንደሆነ በግልጽ ይታያል። አንድ የሆስፒታል አስተዳዳሪ ሊያውቀው ከሚገባው ነገር ግማሹ እዚያ ውስጥ ነበር። «ኃላፊዎቹ ይህን አይተውታል ወይ?» ብዬ ጠየቅኋት። ደንግጣ ደብተሩን ወሰደችብኝ። ንብረት ያለ ሞዴል ከክፍል ወደ ክፍል ማዘዋወር ያስጠይቃላ!

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ሥራውን በቅን ልቦና የሚያስኬደው ሰው መረጃውን ይደብቃል፤ ሥራውን ያቆመው ሰው ግን ሕጋዊ ነው። ቁልፉን ይዞ የሄደው ሰው አንድም ደንብ አልጣሰም። ንብረት ቢጎድል ከደመወዙ የሚቆረጠው እሱ ስለሆነ ቁልፉን ለማንም ባይሰጥ አይፈረድበትም። ሲስተሯ ግን ደንብ ጥሳለች። እንዲህ ያለውን ቤት የሠራው ክፉ ሰው አይደለም፤ መጥፋትን እንጂ መዘግየትን የማይቆጥር አሠራር ነው። አንድ ካርቶን ጓንት ቢጠፋ ኦዲተር ይመጣል። አንድ ቁስል ሦስት ቀን ሳይታጠብ ቢቀር የሚመጣ ኦዲተር የለም።

በሰባተኛው ቀን ጠዋት ሌላ ነገር ሆነ። አዳዲስ አንሶላዎች ተነጠፉ፣ ወለሉ በረኪና ሸተተ፣ አስታማሚዎች ከዋርድ እንድንወጣ ታዘዝን። ከበላይ አካል ጎብኚዎች ይመጣሉ ተብሎ ነው። መጡ፤ ዞረው አዩ፤ ሄዱ። ከሰዓት በኋላ አንሶላዎቹ ተሰበሰቡ። እትዬ የጽዳት ሠራተኛዋን «ምነው ልጄ?» ብትላት «ለእንግዳ ነው እትዬ» አለቻት። እትዬ ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና ወደ እኔ ዞረች።

«እኔስ እንግዳ አይደለሁም እንዴ ልጄ?»

እትዬ ቤቷ ለመጣ ሰው አልጋዋን ለቃ መሬት የምትተኛ ሴት ናት። ጥያቄው የምር ነበር፤ መልስ አልነበረኝም።

ጎብኚዎቹ ምን ብለው ሪፖርት እንደጻፉ መገመት አይከብድም። ያዩት ንጹሕ አንሶላ ነው። ጥፋቱ ግን የእነሱ ብቻ አይደለም። የሆስፒታሉ ኃላፊ «አንሶላ የለንም» ብሎ ባዶውን ፍራሽ ቢያሳያቸው ምን ይሆን ነበር? አንሶላ ይላክለታል ወይስ ይገመገማል? ሁላችንም የምናውቀው ሁለተኛውን ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እኛ ግን በሽታውን ለደበቀው የምስክር ወረቀት ስንሰጥ ኖረናል።

ይህ የአንድ ሆስፒታል ወግ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የተካሄደውን የሕዝብና ጤና ጥናት እንውሰድ። በዚያን ጊዜ ከወረዳ ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ፌዴራል እየተደመረ የሚወጣው የመሥሪያ ቤት ሪፖርት የፔንታቫለንት ክትባት ሦስተኛውን ዙር የወሰዱ ሕፃናት ከ100 ውስጥ ከ80 በላይ ናቸው ይል ነበር። ጥናቱ ቤት ለቤት ሄዶ እናቶችን ጠይቆ፣ የክትባት ካርድ አይቶ ያገኘው 37 ነበር። ክትባቱን በሙሉ ያጠናቀቁትማ 24 ብቻ ሆኑ። ጥናትም የራሱ ጉድለት አለው ይባል ይሆናል፤ ካርድ ይጠፋል፣ እናት ትረሳለች። ይሁን። ግን ልዩነቱ የካርድ መጥፋት ብቻ አያደርገውም። አንዷ ወረዳ ጥቂት ትጨምራለች፤ ዞኑ «ከጎረቤት ዞን ለምን አነስን?» ይላል፤ ሁሉም በየደረጃው ትንሽ ትንሽ ሲያክልበት ላይ የሚደርሰው ሌላ አገር ነው። ሚኒስትሩ የሚመራው ያንን ሌላ አገር ነው። ኩፍኝ ግን የሚገባው ወደዚህኛው ነው።

ይህን ብዬ ብቻ ባቆም ግን ፍርድ ገምድል እሆናለሁ፤ ምክንያቱም ይኸው አገልግሎት በሌላ በኩል የሠራውን ሥራ ዓለም መስክሮለታል። እ.ኤ.አ. በ2000 ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ቁጥሩ 67 ሆነ። በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች በ2000 ከ100 አምስት ነበሩ፤ በ2016 ወደ 26 ከፍ አሉ። እነዚህ የሪፖርት ቁጥሮች አይደሉም፤ ያ ቤት ለቤት የሚሄደው ጥናት ራሱ የመሰከራቸው ናቸው።

ለዚህ ውጤት ትልቅ ድርሻ ያላት የገጠሯ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ሐሳቡ ቀላል ነበር። በእያንዳንዱ ቀበሌ አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሁለት ወጣት ሴቶች፣ የአንድ ዓመት ሥልጠና፣ 16 የታወቁ ሥራዎች፣ ከመንግሥት ደመወዝ። ከ30,000 በላይ ሴቶች ተሰማሩ። ሐሳቡ ሥር የለሽ አልነበረም፤ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲቋቋም ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒቴሪያን በአንድ ቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወርዱ ማሠልጠን ጀምሮ ነበር።

የእትዬን ቀበሌ ልጅ አውቃታለሁ። ሽንት ቤት ያልቆፈረውን አባወራ በስሙ ታውቀዋለች። የማን ልጅ የክትባት ቀኑ እንዳለፈ ከማኅደሯ አውጥታ ትነግርሃለች። የእትዬን የስኳር ቁስል መጀመሪያ ያየችው፣ «እትዬ ይህ የጠበል ብቻ ነገር አይደለም» ብላ ወደ ጤና ጣቢያ የገፋቻት እሷ ናት። እትዬም ዛሬ ድረስ «ያቺ የጤናዋ ልጅ» እያለች ትመርቃታለች።

ይህች ልጅ የሠራችውን ያ ሁሉ ሐኪምና ባለዲግሪ ያለበት ሆስፒታል ለምን አቃተው? የእሷ ሥራ ከባድ አይደለም እንዳንል ጉድ ነው። መልሱ ቁልፉ እሷ ጋ ስለሆነ ይመስለኛል። የጤና ኬላው ቁልፍ በአንገቷ ነው። ሥራዋ የታወቀ ነው፤ የሚጠይቃት ሰው የታወቀ ነው፤ ከሁሉ በላይ ብትዋሽ የምትዋሸው በጎረቤቶቿ ላይ ነው፤ ጎረቤት ደግሞ ያውቃል። እንደ መሪጌታው ከማኅሌቱ መካከል ናት።

ያም ሆኖ እሷንም አልተዉአትም። ከ16ቱ ሥራዎች ላይ ሌሎች ተጨመሩባት። ቀበሌው ስብሰባ ሲኖረው ጥሪ የምታደርሰው እሷ፣ መዋጮ ሲኖር የምትቀሰቅሰው እሷ፣ ቅጽ የምትሞላው እሷ ሆነች። የሠራ ሰው ሽልማቱ ተጨማሪ ሥራ ነው። የደከመች ሴት ደግሞ ቤት ለቤት ከመሄድ ይልቅ ቅጹን ቁጭ ብላ መሙላት ይቀላታል። ጥሩ አሠራርም የሚበላሸው እንዲህ ነው፤ ማንም ሳያፈርሰው።

ሆስፒታልም ቢሆን ቁልፉ የማይፈታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል የመድኃኒት አያያዝን ኦዲት ሊደረግ በሚችል መንገድ የማስኬድ አሠራር ተጀመረ። እያንዳንዱ ፍሬ መድኃኒት በዋጋና በቁጥር ተመዝግቦ ገባ፣ በደረሰኝ ወጣ፣ በየወሩ ተቆጠረ። ምን እንዳለቀ፣ ምን ሊበላሽ እንደሆነ አስቀድሞ ታወቀ። ብዙ ሆስፒታሎች በኋላ ይህንኑ ወሰዱት። ልብ በሉ፤ አዲስ ሕንፃ አልተሠራም፣ አዲስ ማሽን አልተተከለም። የጠፋውን ብቻ ሳይሆን የዘገየውንም የሚያሳይ ሒሳብ ተያዘ እንጂ።

ይህን መሰል ነገር ሥር እንዲሰድ ጊዜና ጽናት ይፈልጋል። ዶክተር ቴዎድሮስ አድኃኖም ሚኒስቴሩን ሰባት ዓመት ያህል መርተዋል፤ ስለ አመራራቸው የተለያየ አስተያየት ቢኖርም የጤና ኤክስቴንሽኑ የተስፋፋው በዚያ ተከታታይ ጊዜ እንደነበር ግልጽ ነው። ከ2009 እስከ 2016 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ግን በዚያው ወንበር ላይ አራት አዳዲስ ሚኒስትሮች ተሾሙ። ሚኒስትር ሲለወጥ የክልል ቢሮ ይናወጣል፤ የሆስፒታል ሥራ አስፈፃሚም ሥራውን ለምዶ ሳይጨርስ ሌላ ቦታ ይመደባል። ሁሉም የየራሱን መፈክር ይዞ ይመጣል።

ከመፈክሮቹ አንዱ «ርኅሩኅ፣ ሰው አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ» የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የጤና ዘርፍ ዕቅድ ከዋና ዋና አጀንዳዎቹ አንዱ አድርጎት ነበር። ቃሉ ያምራል። ግን የእትዬን ቁስል በተበደረ ጓንት ያጠበችው ሲስተር ርኅራኄ የጎደላት አይመስለኝም። የጎደላት ጓንት ነው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. በየሆስፒታሉ ያሉ ባለሙያዎች ደመወዛችን አላኖረንም ብለው ሥራ እስከ ማቆም ሲደርሱም ለጉዳዩ የተሰጠውን መልስ አይተናል፤ የታሰሩ ነበሩ። ርኅራኄ በደመወዝ አይገዛም፤ እውነት ነው። የቤት ኪራይ ያስጨነቀው ሰው ግን ለሰው የሚያካፍለው ዕለት ዕለት ያንስበታል። ከበታች ርኅራኄ የሚጠይቅ መሪ መጀመሪያ ለበታቹ ሊራራ ይገባዋል።

እትዬ ሁለት የእግር ጣቶቿ ተቆርጠው ከሆስፒታሉ ወጣች። በጓንት መጥፋት ምክንያት ተቆረጡ አልልም፤ ስኳር የራሱ መንገድ አለው። ዛሬ በከዘራ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። ስለ ሆስፒታሉ ሲጠይቋት ሲስተሯን ታመሰግናለች፤ ስለ ሌላው አታነሣም።

እኔ ግን ካነሣሁ አይቀር ለሆስፒታል መሪዎች አንድ ነገር ላሳስብ። ሌላ ሥልጠና አልጠይቅም፤ ሌላ መመሪያም እንዲጻፍ አልለምንም። ያቺ ሲስተር የደበቀችው ዓይነት ደብተር በየዋርዱ በይፋ ይቀመጥ። «የለም» ብሎ የጻፈ አይገምገም። ሥራ አስፈፃሚው በየማለዳው ከቢሮው በፊት ዋርዶቹን እየዞረ ደብተሩን ያንብብ፤ ካነበበም በኋላ ለሚመለከተው ሳይመራ ራሱ ቁልፉን ይፈልግ፤ ቁልፍ ያዡ ሲሄድም የሚተካው ሰው በስም ይታወቅ። አንድ ደብተር ስንት ነው? ለአንድ ሰው ከሚከፈል የአንድ ቀን የሥልጠና አበል አይበልጥም።